የክረምት ተድላ በላፍቶ፦ ለዝናቡ ወራት የሚሆን መመሪያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ የክረምትን መግባት የሚያውቀው ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሰማዩ ከቀትር በኋላ ሲጠቁር፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲጨቀዩና ጎረቤት ከጎረቤት መጠያየቁ ሲሳሳ ነው። በሀገሪቱ የዘመን አቆጣጠር ትውፊት ዓመቱ ለመጸው፣ ለበጋ፣ ለጸደይና ለክረምት እኩል ሲከፋፈል ለክረምት የሚደርሰው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ዓመቱን በበጋ፣ በበልግና በክረምት ብቻ የሚከፍሉት የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ከግንቦት ማብቂያ ገደማ ጀምረው ይቆጥሩታል። በየትኛውም አቆጣጠር ቢታይ ይህ ወቅት በብዙ ቤት የሚያልፈው መስከረምን በመጠበቅ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ክረምቱ ራሱ ይዟቸው የሚመጣው ዝናብ፣ ዘር፣ ወፍና ረጅም ምሽት ለደስታ በቂ ስንቅ ናቸው፣ የሚጎድለው ገንዘብ ሳይሆን እነርሱን በየሰዓታቸው የመቀበል ልማድ ነው የሚል ነው።

ሰዓቱን ለመለየት ዝናቡ ለምን በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ መረዳት ይጠቅማል። በክረምት ወራት የሰሜኑና የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ወደ ሰሜን ስለሚሸጋገር፣ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው እርጥብ አየር የኢትዮጵያን ደጋ ይሸፍናል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል መሬቱ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው እርጥብ አየርም ወደ ላይ እየወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይወፍራል፣ በሰሜን በእንጦጦ፣ በምዕራብ በወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ በፉሪ፣ በምሥራቅ በየረር በተከበበችው ከተማ ላይም ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ሌሊት የሚዘንብበትና ቀኑን ሙሉ ካፊያ የሚውልበት ጊዜ መኖሩ ባይካድም፣ ከንጋት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ለደጅ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ ለቤት ቢመደብ በአብዛኛው ቀን ዕቅዱ አይፈርስም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው።

ዝናብን መለካት

ከክረምት ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዎች ሁሉ ወጪው ትንሹ፣ ትምህርቱ ግን ጥልቁ ዝናብን መለካት ነው። ዝናብ የሚለካው በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የወረደው ውኃ ሳይፈስና ሳይሰርግ ቢቆይ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖረው ነበር ማለት ነው፤ ይህም በትክክል አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን 10 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ በርሜል ሙሉ ውኃ ይቀበላል። የከተማው ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ለሚኖር ሰው ይህ ስሌት ከመዝናኛነት አልፎ አሸንዳውን ለመጠገንና በርሜል ለማዘጋጀት የሚያነሣሣ ነው።

መለኪያውን ለመሥራት በተለምዶ ሃይላንድ ከሚባሉት የውኃ ፕላስቲኮች መካከል ጎኑ ቀጥ ያለና ሽንትር የሌለበት ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ይመረጣል። የጠርሙሱ አናት መጥበብ ከሚጀምርበት በታች በቢላዋ ዙሪያውን ይቆረጥና የተቆረጠው ክፍል ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህም የገባው ውኃ በፀሐይና በነፋስ እንዳይተን ይከላከላል። የጠርሙሱ መቀመጫ ወጣ ገባ ስለሆነ ከታች ጥቂት ጠጠር ይጨመርበታል፣ ጠጠሩን እስኪሸፍነውና ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ድረስም ውኃ ይሞላል፤ በዚያ ከፍታ ላይ በማይለቅ ቀለም የሚሰመረው መስመር ዜሮ ነው። ከዜሮው ጀምሮ ወደ ላይ ማስመሪያ ተለጥፎ ወይም በሚሊ ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረግበታል። ጠጠሩ ጠርሙሱ በነፋስ እንዳይወድቅም ያግዛል።

የሚቀመጥበት ቦታ ከአሠራሩ ይበልጣል። በግድግዳ ጥግ ወይም በዛፍ ሥር የተቀመጠ መለኪያ ከሚገባው ያነሰ፣ ከጣሪያ በሚንጠባጠብበት የተቀመጠ ደግሞ የበዛ ያሳያል። መለኪያው በአቅራቢያው ካለው ግንብ ወይም ዛፍ የከፍታውን ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ፣ ከመሬት የሚፈናጠቅ ጠብታ እንዳይደርስበትም አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢቆም ይመረጣል። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ለሚኖር ሰው በረንዳ ለዚህ አይሆንም፤ በግቢው ገላጣ ቦታ ከነዋሪዎች ጋር ተስማምቶ አንድ እንጨት መትከልና የብሎኩን ልጆች የጋራ ጠባቂ ማድረግ የተሻለ ነው።

ንባቡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተስማሚ ነው። አንባቢው ዓይኑን ከውኃው ወለል ጋር አስተካክሎ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ከዚያም ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር ብቻ ይደፋል። በደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ዝናቡ የጀመረበት ሰዓት፣ ካፊያ ወይም ዶፍ መሆኑ፣ በረዶ መቀላቀሉና ነጎድጓድ መሰማቱ ቢጻፍ መዝገቡ ሕይወት ያገኛል። መብረቁ ከታየበት ቅጽበት እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ያሉትን ሴኮንዶች ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይወስድበታልና። ቆጠራው ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ግን ጨዋታው ይቁምና ሁሉም ወደ ቤት ይግባ፤ በዛፍ ሥር መጠለልም ፈጽሞ አይገባም። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ በእነዚህ ሁለት ወራት ደብተሩ ባዶ የሚያድርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ጀማሪን የሚያጸናውም ይህ ነው።

የበረንዳ አትክልት

ክረምት ዘር ለመዝራት ይመቻል፤ ነገር ግን በዕቃ ውስጥ የሚበቅል ተክል በዚህ ወቅት የሚሞተው በውኃ ጥም ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። ሥር እንደ ቅጠል ሁሉ አየር ይፈልጋል፣ በውኃ የተሞላ አፈር ግን አየሩን አስወጥቶ ሥሩን ያበሰብሳል። ስለዚህ የቀለም ባልዲም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ለመትከያነት ሲመረጥ፣ በሚገባ ታጥቦ ከታች አምስት ስድስት ቀዳዳ ሊበጅለትና በሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ሊቀመጥ ይገባል። በደቡብ አዲስ አበባ በብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያጣብቅና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር፣ ብቻውን ለዕቃ አይሆንም፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ቢሞላ ውኃው ይወርዳል፣ ሥሩም ይተነፍሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ቆስጣ ታጋሽ ተክል ነው። የቆስጣ ዘር የሚመስለው ጎርበጥባጣ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስለያዘ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል፤ ሰሪው ከመካከላቸው ጠንካራውን አስቀርቶ ሌሎቹን በመቀስ ይቆርጣል እንጂ አይነቅልም፣ ሲነቀሉ የቀረውን ሥር ይዘው ይወጣሉና። ፍሬው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፣ በሚቀሩት ተክሎች መካከልም አንድ ስንዝር ያህል ይተዋል። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ ቆስጣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቅጠሉ ይደርሳል፤ የውጪው ቅጠል ብቻ እየተቆረጠ መሐሉ ከተተወ ለብዙ ሳምንታት ይመገቡታል።

ከዘር ይልቅ በቁራጭ የሚራቡት ደግሞ ለቡና ሰዓት ይሆናሉ። ናና በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቆሞ በሳምንት በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ብዙ ጊዜ ከሥጋ ጥብስ ጋር የሚታወቀው ሮዝመሪም የታችኛው ቅጠሉ ተልጦ በአሸዋማ አፈር ከተተከለ በክረምቱ እርጥበት ይጸድቃል፤ ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። በቡና ስኒ ላይ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም ጣል ማድረግ የታወቀ ልማድ ቢሆንም፣ የዚህ ተክል ጭማቂ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሚገርዘው ሰው እጁን ወዲያው ሊታጠብ፣ ነፍሰ ጡር ሴትም በብዛት ከመውሰድ ልትቆጠብ ይገባል።

የመስኖ ውኃ ምርጫ በላፍቶ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። በክፍለ ከተማው የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከላይ ከሚገኙ ፋብሪካዎችና መኖሪያ ቤቶች የሚለቀቅ ፍሳሽ ይዞ ይመጣል፤ በዚሁ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች በቅጠላ ቅጠል ውስጥ እንደሚከማቹ አሳይተዋል። ከባድ ብረት በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። ስለዚህ ለበረንዳው አትክልት የጣሪያ ዝናብ ውኃ ይመረጣል፤ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ፍሳሽ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እርሱ ተለቆ ቀጥሎ የሚወርደው ይጠራቀም፣ በርሜሉም ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን። በዶፍ ዝናብ ጊዜ የወንዙ ዳርቻ ራሱ አደገኛ መሆኑን ለልጆች ደጋግሞ መንገር የወላጅ ግዴታ ነው፤ ላፍቶ ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ከላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላው ይችላል።

የጠዋት ወፎች

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፣ ከእነርሱም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ በዓለም የትም የማይገኙ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ሰዎች ጣሪያ ላይ ያርፋሉ። ይህን የሚያውቅ የላፍቶ ነዋሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ ብዙዎች ከውጭ ሀገር ድረስ ተጉዘው የሚያዩትን ወፍ እዚሁ ያደገ ልጅ ስሙን ሳይጠይቅ ማለፍ አይገባውም። ለምሳሌ ምንቃሩ እጅግ ወፍራም፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የአካባቢያቸው ብቻ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ጉልላትና በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የምትታየው፣ በአንገቷ ኋላ ነጭ ምልክት ያላት ጠቆር ያለች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ አትወጣም። በጠዋት በቡድን እየበረሩ ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት የሚያሰሙትና በለመለመ ሣር ላይ ረጅም ጎባጣ ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል የሚለቅሙት፣ በጉሯቸው ላይ ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው ወፎችም እንዲሁ የዚሁ ደጋ ተወላጆች ናቸው።

ለመጀመር የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አያስፈልግም። ተመልካቹ አንድ ቦታ፣ በረንዳም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ ይመርጥና ዝናቡ ባባራበት ጠዋት ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። አዲስ ወፍ ሲያይ በመጀመሪያ መጠኑን ከሚያውቃቸው ጋር ያነጻጽራል፦ ድንቢጥ ታክላለች ወይስ ርግብ፣ ርግብ ታክላለች ወይስ ቁራ? ቀጥሎ ምንቃሩን ያያል፣ ምንቃር የወፉን ምግብ ይናገራልና፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ሰባሪ፣ ቀጭንና ጎባጣ ሆኖ አበባ ላይ ካረፈ የአበባ ማር ቀሳሚ ነው። ቀለም የሚጻፈው በመጨረሻ ነው፣ በደመናማ ቀን ቀለም ያታልላልና። ለእያንዳንዱ ወፍ በደብተሩ ላይ ጥቂት መስመር ሥዕል መሣል ከፎቶግራፍ ይልቅ ዓይንን ያሠለጥናል፤ ሥዕሉ ባያምርም የክንፉን ነጭ መስመር የት እንደነበረ ለማስታወስ የተገደደ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይስተውም።

ከቀትር በኋላ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁለት ነገሮች ቤቱን ይሞሉታል፦ ገበጣና ንባብ። ገበጣ በጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እያዞሩ የሚጫወቱት ጥንታዊ ጨዋታ ሲሆን፣ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ ዓይነቶቹን ሰብስበው ገልጸዋል። ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ለሌለው ቤት 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ ይበቃል፤ ትሪው ስድስት በአምስት ስለሆነ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ረድፎች ሲቆረጡለት ሰሌዳው ዝግጁ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት አራት ሽምብራ ይደረጋል፣ በድምሩ 48። ተጫዋች ከራሱ ረድፍ የአንዱን ጉድጓድ ሽምብራ በሙሉ አንሥቶ በስተቀኙ እየዞረ አንድ አንድ ይጥላል፤ የመጨረሻው ሽምብራ ሌላ ባለበት ጉድጓድ ከወደቀ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፣ ባዶ ላይ ከወደቀ ተራው ያበቃል። የመብላት ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለጀማሪ የሚቀለው፣ የመጨረሻው ሽምብራ በራስ ረድፍ ባዶ ጉድጓድ ሲያርፍ ከፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራ ሽምብራ መውሰድ ነው። በቤት ውስጥ የሌላ አካባቢ አጨዋወት የሚያውቁ አያት ካሉ ግን ደንቡ ከእርሳቸው ይወሰድ፣ በደብተሩም ይጻፍ።

ንባቡን በተመለከተ፣ ለብቻ ከማንበብ ይልቅ ጮክ ብሎ ለቤተሰብ ማንበብ ለክረምት ይበልጥ ይስማማል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልብ የገባው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነበር፤ አንድ ድምፅ አንድን ረጅም ልብ ወለድ ለሕዝብ ሁሉ የጋራ ትዝታ ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በቤት ውስጥ አንባቢው የሚነበበውን ምዕራፍ አስቀድሞ ለብቻው ያየዋል፣ ትንፋሽ የሚወሰድባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ያመለክታል፣ ከዚያም ከተለመደው ንግግሩ ዘገም ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ያነባል። የሚያቆመው ታሪኩ ሲደምቅ እንጂ አድማጭ ሲደክም መሆን የለበትም፤ የነገው ጉጉት የሚሠራው በዚህ ነው። ልጆች ተራ ሲደርሳቸው ስሕተታቸውን በየቃሉ ማረም ንባቡን ወደ ትምህርት ቤት ስለሚመልሰው፣ እርማቱ ለመጨረሻ ይቆይ።

በቆሎና ቡሄ

ነሐሴ ሲጋመስ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር መጠበስ ይጀምራል። እሸቱ ለጥብስ መድረሱ የሚታወቀው ፍሬው በጥፍር ሲጫን ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሲያወጣ ነው፤ ፈሳሹ ውኃ ከመሰለ ገና ነው፣ ካልወጣ ደግሞ ጠንክሯልና ለንፍሮ ይተው። የውስጠኛው ስስ ልባስ ሳይላጥ በፍሙ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተልጦ ቢጠበስ ፍሬው አይደርቅም። የከሰል ምድጃው ግን በበረንዳ ወይም በደጅ ይሁን፤ በብርዱ ምክንያት ፍሙን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ሽታና ቀለም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ጋዝ ሰው ሊገድል ይችላል።

ነሐሴ 13 የሚከበረው ደብረ ታቦር፣ በተለምዶ ቡሄ፣ የወንዶች ልጆች ደስታ ነው። ጅራፉ ከቃጫ ወይም ከልጥ ይገመዳል፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ግርፋቱ ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተጓዘ ቁጥር ስለሚፈጥን ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ያን ስለታም ጩኸት ይሰጣል። ለዚህ ሰውና መስተዋት የሌለበት ገላጣ ሜዳ መመረጥ አለበት። በኮንዶሚኒየም ግቢ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ሙልሙል ዳቦ ጋግሮ መጠበቅ፣ ከገንዘብ ይልቅ ለሰጪውም ለተቀባዩም የተሻለ ነው፤ ዳቦው ከዋዜማው ምሽት ችቦ በፊት ቢጋገር ጥድፊያ አይኖርም።

ጳጉሜን ሲደርስ የዝናቡ ደብተር ይደመራል። የሐምሌና የነሐሴ ድምር ለየብቻ ይጻፋል፤ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ስድስት ቀን ስለሆነች ለብቻዋ ትቆማለች። የሜትሮሎጂ መዝገቦች በጎርጎርዮሳዊው ወር የሚያዙ በመሆናቸው፣ ከዕለቱ ቀን ጎን የጎርጎርዮሳዊው ቀን ከመጀመሪያው አንሥቶ ቢጻፍ የላፍቶው ጠርሙስ ከከተማው ኦፊሴላዊ ቁጥር ጋር ሊነጻጸር ይችላል። የበረንዳው ባልዲዎች ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ሲሳሳ ውኃ በእጅ ስለሚፈልጉ፣ በርሜሉ ከመስቀል በፊት እስከ አፉ ተሞልቶ ይከደን።